ምርቱ አንደኛ፣ ኑሮው መጨረሻ፦ የክልሎችን የልማት ልዩነት በምን እንለካ?

ጥያቄ፦ «በልማት ዕቅድ ቢሮ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ክልሎች በነፍስ ወከፍ ምርት ተደርድረው ሲቀርቡልን አንደኛ የወጣው ክልል፣ በንጹሕ ውኃና በጤና አገልግሎት ሲታይ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ነው። ቁጥሩ ተሳስቶ ነው ወይስ እኛ ነን ያልገባን? ለበጀት ድጎማ ድልድል ደረጃ እንድናወጣ ስለታዘዝን የትኛውን መለኪያ እንከተል? ስሌቱስ እንዴት ይሠራል?»

ምላሽ፦

ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። የነፍስ ወከፍ ምርት የሚናገረው ስለ ቦታው ነው፤ በዚያ ወሰን ውስጥ በዓመት ምን ያህል እሴት እንደተፈጠረ ይነግራችኋል። የውኃውና የጤናው ቁጥር የሚናገረው ስለ ሰዎቹ ነው። በአገር ደረጃ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ ተቀራርበው ይሄዳሉ። ወደ ክልል ሲወረድ ግን ትርፍም፣ ሠራተኛም፣ ግብርም ወሰኑን እንደልብ ስለሚሻገሩ ይራራቃሉ። ስለዚህ ከመለኪያዎቹ አንዱን አትምረጡ። ምርትን፣ የነዋሪውን ገቢና የኑሮ ሁኔታን በሦስት ዓምዶች ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ከዚያ በዓምዶቹ መካከል ያለውን ልዩነት አንብቡ። ገንዘቡ የት መዋል እንዳለበት የሚጠቁመው ይህ ልዩነት ነው። ሦስቱን አንድ ላይ ጨፍልቆ አንድ ነጥብ መስጠት ይህን ምልክት ያጠፋዋል።

በመጀመሪያ ምርቱ ለምን እንደሚያሳስት እንይ። ማዕድኑ፣ የኃይል ማመንጫው ወይም ሰፊው እርሻ ያለው እዚያ ክልል ውስጥ ቢሆንም ባለቤቱ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያሉ ካፒታል የሚበዛባቸው ዘርፎች ከሚፈጥሩት እሴት ለደመወዝ የሚውለው ጥቂቱ ብቻ ነው። ምርቱ እጥፍ ቢሆን እንኳ የአካባቢው ሰው ገቢ ላይነቃነቅ ይችላል። ተመላላሽ ሠራተኛም አለ፤ የሚሠራበት ክልል ምርቱን ይቆጥራል፣ የሚያድርበት ክልል ደግሞ ሰውየውን። ሉክሰምበርግ ውስጥ ከሚሠሩት ግማሽ የሚጠጉት በየቀኑ ከፈረንሳይ፣ ከቤልጂየምና ከጀርመን የሚመላለሱ ናቸው። ምርቱ የእነሱን ሥራ ያካትታል፤ ነፍስ ወከፉ ሲሰላ ግን የሚካፈለው ለነዋሪው ቁጥር ብቻ ነው። የመካከለኛው ለንደን ምዕራባዊ ክፍል በ2016 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከአውሮፓ ኅብረት አማካይ ከ6 እጥፍ በላይ ነፍስ ወከፍ ምርት የተመዘገበበት በዚሁ ምክንያት ነው። የዚያ ሰፈር ነዋሪ ከአማካዩ አውሮፓዊ 6 እጥፍ ይበላል፣ ይለብሳል ማለት አይደለም።

የሂሳብ አያያዝም የራሱ ጣጣ አለው። በ2015 የአየርላንድ ምርት በአንድ ዓመት ውስጥ ሩብ ያህል ዘሏል። አብዛኛው የመጣው ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች የአእምሯዊ ንብረት ሀብታቸውን ወደዚያ ስላዛወሩ እንጂ ሕዝቡ በዚያ መጠን ስለበለጸገ አልነበረም። የአገሪቱ ስታቲስቲክስ ቢሮ በ2017 የተስተካከለ ብሔራዊ ገቢ የተባለ ሌላ መለኪያ ለማውጣት ተገድዷል። ወደ ክልል ስትወርዱ ተመሳሳዩ ነገር የሚፈጠረው ዋና መሥሪያ ቤቶች በተሰበሰቡበት ከተማ ነው፤ በየቅርንጫፉ የተገኘው ትርፍ ማዕከሉ ላይ ተመዝግቦ ይገኛል።

ስለ ክልላዊ ምርት ለስታቲስቲክስ ቢሮው አንድ ጥያቄ ሳታቀርቡ አትለፉ፦ «ይህ ቁጥር በክልሉ ተለክቶ የተገኘ ነው ወይስ አገራዊው ተሸንሽኖ?» ብዙ ቦታ የአገሪቱ የዘርፍ ምርት ለክልሎች የሚከፋፈለው በተቀጣሪ ቁጥር ወይም በተመረተ መጠን ነው። እንደዚያ ከሆነ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አገራዊው አማካይ ምርታማነት ታድሎታል። ልትለኩት የተነሳችሁት ልዩነት ከመለካቱ በፊት በከፊል ተሰርዟል ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ቁጥር በሠንጠረዡ ውስጥ ይግባ፣ ግን ድምዳሜ አይሠራበት።

አካፋዩንም ፈትሹ። በቻይና ለረጅም ጊዜ የክልሎች ምርት ይካፈል የነበረው በነዋሪነት መዝገብ (ሁኮው) ላይ ለሰፈረው ሕዝብ ነበር። ፍልሰተኛ ሠራተኞች ያመረቱት ይቆጠራል፣ እነሱ ግን በትውልድ ቦታቸው መዝገብ ላይ ናቸው። የባሕር ዳርቻው ክልሎች ከእውነታው በላይ ሀብታም፣ የመሀል አገሮቹ ደግሞ ከእውነታው በላይ ድሃ መስለው ይታዩ ነበር። የእናንተ የሕዝብ ቁጥር ከዓመታት በፊት በተደረገ ቆጠራ ላይ የዕድገት መጠን እየተጨመረበት የመጣ ትንበያ ከሆነ፣ ሰው በፍጥነት የሚጎርፍበት ወይም የሚለቀው ክልል ላይ ስሕተቱ በየዓመቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል።

ሁለተኛው ዓምድ፣ የነዋሪው ገቢ። መደበኛ ባልሆነ ሥራ የሚተዳደረው ሕዝብ በበዛበት አገር ሰው ስለ ገቢው ሲጠየቅ አሳንሶ ይናገራል፤ ወይም ገቢው ከወር ወር ስለሚለያይ ራሱም በትክክል አያውቀውም። ስለዚህ በቤተሰብ ፍጆታ ወጪ ተኩት፤ ከራስ ማሳ የተበላው በአካባቢው ዋጋ ተተምኖ ይደመር። አማካዩን ብቻ አትውሰዱ። ቤተሰቦቹን ከድሃ ወደ ሀብታም ደርድራችሁ መሀል ላይ የሚገኘውን፣ እንዲሁም የታችኛውን 20 በመቶ ወጪ ለብቻ አውጡ። ጥቂት ሀብታሞች ያሉበት ክልል በአማካይ ሲለካ ከፍ ብሎ፣ በመሀለኛው ሲለካ ዝቅ ብሎ ይገኛል።

ከዚያ ዋጋ። ይህ እርምጃ ተዘልሎ የወጣ የክልሎች ንጽጽር ብዙ ጊዜ የሚያወዳድረው ኑሮን ሳይሆን የቤት ኪራይን ነው። ለምሳሌ ያህል ክልል ሀ በነፍስ ወከፍ 120 ያወጣል፣ የዋጋ ደረጃው ከአገራዊው 100 አንጻር 130 ነው። ክልል ለ 100 ያወጣል፣ ዋጋው 95 ነው። 120ን ለ1.30 ስታካፍሉ 92.3፣ 100ን ለ0.95 ስታካፍሉ 105.3 ይሆናል። ደረጃው ተገለበጠ። እዚህ ላይ የሚያደናቅፈው የተለመደው የዋጋ ግሽበት ቁጥር ነው፤ ግሽበት የአንድ ክልል ዋጋ ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደጨመረ እንጂ ከጎረቤቱ ጋር ሲነጻጸር የቱ ውድ እንደሆነ አይነግራችሁም። የሚያስፈልገው በአንድ ጊዜ፣ በተመሳሳይ የዕቃና የአገልግሎት ስብስብ፣ በሁሉም ክልሎች የተወሰደ ዋጋ ነው። «ሩቅ ገጠር ርካሽ ነው» የሚለውንም እንደ ሕግ አትያዙት። ቤት ይረክሳል፤ ሳሙና፣ መድኃኒት፣ ነዳጅና ቆርቆሮ ግን የማጓጓዣው ወጪ ይጨመርባቸዋል።

ሦስተኛው ዓምድ የኑሮ ሁኔታ ነው። የሚመረጡት መለኪያዎች ጥቂት ይሁኑ፤ ከ8 እስከ 10 ይበቃሉ። የተሠራውን ሳይሆን የተገኘውን ይለኩ። «በ100 ሺህ ሕዝብ ስንት ጤና ጣቢያ» የሚለው ቁጥር ሕንፃን ይቆጥራል፤ ባለሙያ የሌለውንና መድኃኒት ያለቀበትንም ጭምር። በእሱ ፋንታ በሠለጠነ ባለሙያ እጅ የተወለዱትን፣ ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት የቀነጨሩትን ድርሻ ውሰዱ። የትምህርት ቤት ምዝገባን ትታችሁ አንድ አጭር አንቀጽ አንብቦ የሚረዳውን የ10 ዓመት ልጅ ቁጠሩ። የውኃ ሽፋንም የቧንቧውን መኖር ብቻ የሚያይ ከሆነ ያታልላል። ደርሶ መልስ ከ30 ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ወይም በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ የሚፈስ ውኃ አለ ተብሎ እንዳይቆጠር። መቀንጨር በተለይ ጥሩ ምስክር ነው፤ ምግብ፣ ውኃ፣ ንጽሕናና ጤና ተደራርበው ያመጡት ውጤት ስለሆነ በአንድ ሰሞን የዘመቻ ሪፖርት አይለወጥም።

አሁን ሠንጠረዡን ወደ ጎን አንብቡት። ምርት ከፍተኛ፣ ገቢ ዝቅተኛ፣ ኑሮ ዝቅተኛ ከሆነ የእናንተ ጉዳይ ነው። ችግሩ ምርት ማነስ ስላልሆነ ተጨማሪ የኢንቨስትመንት ማበረታቻ መስጠት መድኃኒቱ አይደለም። መታየት ያለበት ከሀብቱ ለክልሉ የሚቀረው የግብርና የሮያሊቲ (የተፈጥሮ ሀብቱን የሚያወጣው ድርጅት የሚከፍለው ክፍያ) ድርሻ፣ የአካባቢው ሰው የሚቀጠርበትና የአካባቢው አቅራቢ የሚገዛበት መንገድ፣ እንዲሁም አገልግሎቱን የሚያቀርበው መሥሪያ ቤት አቅም ነው። ኢኳቶሪያል ጊኒ በነዳጅ ዘይት ምክንያት ነፍስ ወከፍ ገቢዋ ከፍ ብሎ በሰብዓዊ ልማት (ዕድሜን፣ ትምህርትንና ገቢን በሚያጣምረው መለኪያ) ደረጃዋ ግን ገቢዋ ከሚያስጠብቀው በእጅጉ ዝቅ ያለችው በዚሁ ዓይነት ነው።

ምርት ዝቅተኛ፣ ገቢ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ገንዘብ አለ፦ ሐዋላ፣ ጡረታ፣ የመንግሥት ድጎማ፣ የተመላላሾች ደመወዝ። ኑሮው ጥሩ ቢሆንም መሠረቱ በሌላ ቦታ ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ገቢው ዝቅተኛ ሆኖ ኑሮው የተሻለ ሲሆን ደግሞ የሕንዷ ኬረላ የታወቀች ምሳሌ ናት። ገቢዋ ከአገሪቱ አማካይ በታች በነበረበት ዘመን እንኳ በማንበብና መጻፍ፣ በሕፃናት ሞት መቀነስና በረጅም ዕድሜ ከሌሎቹ ግዛቶች ትቀድም ነበር። ከጀርባው ለሴቶች ትምህርት ቀደም ብሎ የተሰጠ ትኩረት፣ እስከ ታች የወረደ የጤና አገልግሎትና የመሬት ይዞታ ማሻሻያ ነበሩ። ገቢው ቆይቶ አደገ፣ እሱም በከፊል የተማረው ልጅ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሄዶ በሚልከው ገንዘብ ነው።

የምርቱና የኑሮው ዓምዶች በተለያየ ፍጥነት እንደሚጓዙ ለበላይ አካል ማስረዳት ካስፈለጋችሁ ከጀርመን የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ከ1990 ውሕደት በኋላ የምሥራቋ ሴት አማካይ የመኖር ዕድሜ በሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ የምዕራቧን ሊደርስ ትንሽ ቀርቶት ነበር። የነፍስ ወከፍ ምርቱ ግን ከሦስት አሥርት ዓመታት በኋላም አልደረሰም። የጤና መድኅንና ጡረታ በሕግና በበጀት ይዘረጋሉ። የድርጅቶች ዋና መሥሪያ ቤት፣ የምርምር ክፍልና ምዕራብ የሄደው ወጣት ግን በአዋጅ አይመለሱም። የኢኮኖሚ ተመራማሪዎቹ ባሮና ሳላ ኢ ማርቲን የአሜሪካን ግዛቶች፣ የጃፓንን አውራጃዎችና የአውሮፓን ክልሎች አጥንተው የደረሱበት ፍጥነት፣ የገቢ ክፍተት በዓመት 2 በመቶ ያህል እንደሚጠብ ነው። በዚህ ስሌት ክፍተቱ በግማሽ እስኪቀንስ 35 ዓመት ገደማ ይወስዳል። የ5 ዓመት ዕቅድ ውስጥ «የምርት ልዩነትን በግማሽ መቀነስ» ተብሎ ተጽፎ ካያችሁ ግቡን ወደ ውኃና መቀንጨር አዙሩት።

አሁን ወደ ስሌቱ። አጠቃላይ ልዩነቱን በአንድ ቁጥር ለማሳየት የተለመደው በሕዝብ ብዛት የተመዘነ የልዩነት ምጣኔ ነው፤ የኢኮኖሚ ተመራማሪው ዊልያምሰን በ1965 የክልሎችን ልዩነት ሲያጠና የተጠቀመበት ነው። ሦስት ክልሎች እንውሰድ። ሀ 6 ሚሊዮን ሰው፣ ፍጆታው 100፤ ለ 3 ሚሊዮን፣ 60፤ ሐ 1 ሚሊዮን፣ 40። የተመዘነው አማካይ 0.6×100 + 0.3×60 + 0.1×40 = 82 ነው። እያንዳንዱ ክልል ከ82 የራቀበትን ልዩነት በራሱ አባዙና በሕዝብ ድርሻው አባዙት፦ 194.4፣ 145.2፣ 176.4። ድምራቸው 516፣ ካሬ ሥሩ 22.7፣ ለ82 ሲካፈል 0.28። የሕዝብ ብዛት ሳይገባ ቢሰላ ኖሮ 0.37 ይወጣ ነበር። ያ ደግሞ ትንሿን ክልል ከትልቋ እኩል ስለሚቆጥራት ነው። ጥያቄያችሁ ስለ ሰዎች እኩልነት ከሆነ መመዘን አለባችሁ። ስለ ክልሎች እንደ አስተዳደር አካል ከሆነ ያልተመዘነውም ትርጉም አለው። የቱን እንደተጠቀማችሁ ግን ጻፉ፤ በሁለት ሪፖርት ሁለት የተለያየ ቁጥር ወጥቶ ሰው የሚጨቃጨቀው በአብዛኛው በዚህ ነው።

የቤተሰብ መረጃ ካላችሁ የቴይል ኢንዴክስ ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል፤ ጠቅላላውን ልዩነት «በክልሎች መካከል» እና «በየክልሉ ውስጥ» ብሎ ያለ ቀሪ ይከፍለዋል። ብዙ ጊዜ የሚበልጠው የውስጡ ነው። እንዲያ ከሆነ ድጎማው በክልል ደረጃ ብቻ ቢደለደል፣ ሀብታም በሚባለው ክልል ውስጥ ያለው ድሃ ወረዳ ከሁለቱም ወገን ሳያገኝ ይቀራል።

አንድ ጥቅል ነጥብ የግድ ከተባላችሁ፣ የሰብዓዊ ልማት መለኪያን በክልል ደረጃ መሥራት ይቻላል። ዕድሜው ከ20 እስከ 85፣ የሚጠበቀው የትምህርት ዓመት ከ0 እስከ 18፣ አማካዩ የትምህርት ዓመት ከ0 እስከ 15፣ ገቢው በመግዛት አቅም ከ100 እስከ 75,000 ዶላር በሎጋሪዝም ይቀመጣል። አማካይ የመኖር ዕድሜው 65 ለሆነ ክልል (65 − 20) ÷ (85 − 20) = 0.69 ይሆናል። የሁለቱ የትምህርት ነጥቦች አማካይ ይወሰድና የዕድሜ፣ የትምህርትና የገቢ ነጥቦች ይባዛሉ፤ የብዜቱ ሦስተኛ ሥር ውጤቱ ነው። ከ2010 ወዲህ መደመር ቀርቶ መባዛቱ አንዱ ዘርፍ ሲወድቅ ሌላው በቀላሉ እንዳይሸፍነው ነው። ወሰኖቹን በራሳችሁ አገር «ዝቅተኛ ክልል» እና «ከፍተኛ ክልል» አትተኩ። ከተካችሁ አንደኛው ክልል ሲያሻሽል የሌላው ነጥብ ምንም ሳያጎድል ይወርዳል፣ የዓመት ከዓመት ንጽጽሩም ከንቱ ይሆናል።

እኔ ግን ባለ ብዙ ገጽታ የድህነት መለኪያውን እመርጣለሁ፤ ከአማካይ ሳይሆን ከቤተሰብ ስለሚነሳ። 10 መለኪያዎች አሉት። ጤና፣ ትምህርትና የኑሮ ደረጃ እያንዳንዳቸው ሲሶ ክብደት ይይዛሉ፤ ከጠቅላላው ክብደት ሲሶውንና ከዚያ በላይ የጎደለው ቤተሰብ ድሃ ይባላል። ውጤቱ የድሆች ድርሻ በጉድለታቸው ጥልቀት ሲባዛ ነው። 40 በመቶው ድሃ ሆኖ በአማካይ 50 በመቶ የጎደለው ክልል 0.20 ያገኛል። 50 በመቶው ድሃ ሆኖ 40 በመቶ የጎደለውም 0.20 ነው። ነጥባቸው እኩል ሆኖ መፍትሔያቸው ይለያያል፤ በመጀመሪያው ጥቂት ሰፈሮች ላይ ብዙ አገልግሎት አብሮ መግባት አለበት፣ በሁለተኛው ደግሞ በስፋት የጎደሉትን ሁለት ሦስት ነገሮች ለይቶ ማዳረስ።

ናሙና ላይ ጥብቅ ሁኑ። ከአንድ ክልል 400 ቤተሰብ ተጠይቆ 30 በመቶው ውኃ የለውም ቢባል፣ ናሙናው በመንደር በመንደር ስለሚወሰድ ልዩነቱ (ቫሪያንሱ) በእጥፍ ሊሰፋ ይችላል፤ እንዲያ ሲሆን የእርግጠኝነት ወሰኑ (እውነተኛው ቁጥር ከስንት እስከ ስንት ሊሆን እንደሚችል የሚያሳየው) ከ24 እስከ 36 በመቶ ድረስ ይደርሳል። ጎረቤቱ 34 በመቶ ከሆነ ማን እንደሚብስ አታውቁም። በዓመት 500 ሕፃናት በሚወለዱበት አካባቢ 20 ሞት ከተመዘገበ መጠኑ በሺህ 40 ይባላል፤ በአጋጣሚ ብቻ ግን ከ22 እስከ 58 ሊወዛወዝ ይችላል። ለትንንሽ አካባቢዎች የ3 ወይም የ5 ዓመት መረጃ ደምሩ። ትንንሾቹ አካባቢዎች ሁልጊዜ በደረጃው አናትና ግርጌ ላይ ከተገኙ፣ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት የናሙና ማነስን ይሁን።

ፍልሰትም እንዳያስታችሁ። ድሆች የለቀቁት ክልል ማንም ሳይሻሻል አማካዩ ይጨምራል። የተማሩ ወጣቶች የለቀቁት ደግሞ አማካዩ ይወርዳል፤ የሄዱት ሰዎች ግን ራሳቸው ተሻሽለው ሊሆን ይችላል። የክልሉን ቁጥር በተወለዱበትና በሚኖሩበት ቦታ ለይቶ ማውጣት የሚቻል ከሆነ አድርጉት።

ስለ መፍትሔ ካልተጠየቅሁበት አንድ ልጨምር፤ «መንገድ ይሠራ፣ ፋብሪካ ይተከል» መባሉ ስለማይቀር። ጣሊያን ለደቡቧ በ1950 ያቋቋመችው ልዩ የልማት ፈንድ እስከ 1984 ሠርቷል። በመስኖ፣ በውኃና በመንገድ የጀመረው ሥራ ቆይቶ ወደ ብረትና ፔትሮኬሚካል ፋብሪካዎች አዘነበለ። ክፍተቱ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ጠብቦ ከዚያ ቆመ። ፋብሪካዎቹ ግብዓት የሚገዙትም፣ ምርት የሚሸጡትም ሩቅ ስለነበር ዙሪያቸው አቅራቢ አልበቀለም፤ የታራንቶው ብረት ፋብሪካ ደግሞ ለከተማው ሥራም ብክለትም ትቶለታል። መንገድም ሁለት አቅጣጫ አለው። የማጓጓዣ ወጪ ሲወርድ የትልቁ ከተማ ምርት የትንሹን ከተማ አምራች ከገበያ ሊያስወጣ እንደሚችል የኢኮኖሚ ተመራማሪው ክሩግማን በ1991 ያቀረበው ሞዴል ያሳያል። ስለዚህ ከዋናው መንገድ ጋር መጋቢ መንገድ፣ መጋዘን፣ ብድርና የጥገና በጀት አብረው ይታቀዱ።

የድጎማ ቀመሩን በሦስት ነገሮች አቁሙት፦ የጎደለው ሰው ብዛት፣ አንድን ሰው ለማዳረስ የሚፈጀው ወጪና የክልሉ ገቢ የመሰብሰብ አቅም። ውኃ የሌላቸው 200 ሺህ ሰዎች ያሉበት ክልል የነፍስ ወከፍ ወጪው 1 ቢሆን ፍላጎቱ 200 ነው። ሕዝቡ ተበታትኖ የሰፈረበትና 150 ሺህ ሰው ውኃ የሌለበት ክልል ወጪው 1.6 ከሆነ 240 ይሆናል፤ የሚበልጠው እሱ ነው። ገቢን በተመለከተ የሰበሰበውን ሳይሆን ሊሰበስብ ይችል የነበረውን ቁጠሩ። ከ1933 ጀምሮ የሚሠራው የአውስትራሊያ የድጎማ ኮሚሽን የሚያሰላው በዚህ መንገድ ነው። ያለዚያ ግብር መሰብሰብ የሰነፈ ይሸለማል። የፍላጎት መለኪያዎቹም ተቀባዩ ክልል ራሱ ከሚያቀርበው ሪፖርት ሳይሆን ከገለልተኛ የቤት ለቤት ጥናት ይምጡ፤ ጉድለት ገንዘብ የሚያመጣ ከሆነ ጉድለት ሪፖርት ውስጥ ይበዛል።

በመጨረሻም ደረጃውን 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ ብላችሁ አታውጡት፤ የእርግጠኝነት ወሰናቸው የሚደራረቡትን በአንድ ምድብ አስቀምጡ። ምድብ ሲመጣ ግን ወሰኑ ላይ ገደል ይፈጠራል። የአውሮፓ ኅብረት ነፍስ ወከፍ ምርታቸው ከኅብረቱ አማካይ ከ75 በመቶ በታች የሆኑትን ክልሎች «ያልለሙ» ብሎ ከፍተኛውን ድጋፍ ሲሰጥ፣ 76 ላይ የደረሰው ክልል ሁሉንም በአንዴ እንዳያጣ ከ75 እስከ 100 ያለውን የሽግግር ምድብ አድርጎታል። እናንተም የምድብ ስሙን ለሪፖርት አቆዩት፣ የገንዘቡ መጠን ግን ከጉድለቱ ጋር ቀስ በቀስ የሚቀንስ ይሁን።